ጁኖ-60፦ የኮረሱ ነገር

ጁኖ-60 የተባለውን የሮላንድ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ስድስት ድምፅ በአንዴ ያወጣል፣ 61 ቁልፍ አለው፣ 56 የድምፅ ዓይነት በውስጡ ያስቀምጣል። ይሠራል፤ በዚህ በኩል ብዙ የምለው የለኝም። የምለው ስለ ኮረሱ፣ ማለትም ድምፁን ስለሚያወፍረው ክፍሉ ነው።

ልገዛው ስል ያልተቃወመኝ ሰው የለም። «ለአንድ ድምፅ አንድ ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ብቻ? ሲንተሳይዘሩ ፕሮፌት-5 እኮ ሁለት ሁለት አለው!» እውነት ነው። ጁኖ-60 እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የሮላንዱን ውድ ሲንተሳይዘር ጁፒተር-8ን ለመግዛት አቅም ላልነበረው ሙዚቀኛ የታሰበ ነበር። ጁፒተሩ 16 ኦሲሌተር ታጭቆበታል፤ ጁኖ ስድስት። እነሱም በዲጂታል ሰዓት ስለሚመሩ ቅኝታቸው አይዛነፍም። ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ድምፁን ትንሽ ያደርቀዋል። ኮረሱን ካጠፋችሁት ቀጭን ነው፤ አልክድም።

አሁን የኮረሱን ቁልፍ አንድ ጫኑ።

ድምፁ ለሁለት ተከፍሎ፣ በጥቂት ሚሊሰከንድ በሚያዘገዩ ሁለት ቺፖች ውስጥ ያልፋል። መዘግየቱም ባለበት አይረጋም፤ በቀኝ ሲረዝም በግራ ያጥራል። ከዋናው ድምፅ ጋር ሲቀላቀል፣ አንድ ሰው ያወጣውን ዜማ ተቀባዩ ሁሉ እንዳነሳው ይሆናል። የትዝታን አምስት ኖታዎች ይዤ አርፔጂዮውን (የያዝኩትን ኖታ ተራ በተራ የሚያጫውተውን) ስለቀውማ ከወንበሬ የሚያስነሳኝ የለም። የኮረሱ ቁልፍ ሁለት ፈጠን ይላል። ሁለቱ አብረው ሲጫኑ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ብዙም አይመቸኝም። ብቻ የግራውንም የቀኙንም የድምፅ ገመድ ሰኩ። በአንድ ገመድ የግራና ቀኙ ጨዋታ አይሰማም።

ጉድለት የለውም ወይ? አለው፤ ኮረሱ ሲበራ ሹሹታ አብሮ ይመጣል። የጁኖን ድምፅ የሚያስመስል ሶፍትዌር የሚሸጠው ሰው «የኛው ያለ ሹሹታ ነው» ይለኛል። ማን አጥፋልኝ አለህ? ባዶ ክፍል ውስጥ ይሰማል፣ ከበሮና ቤዝ ሲገቡ የት እንደደረሰም አይታወቅ።

የኪቦርዱን ቁልፍ ብትዳብሱትም ብትደበድቡትም ድምፁ ያው ነው። ሚዲም (መሣሪያዎችን እርስ በርስና ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሥርዓት) የለውም፤ ሚዲ ራሱ የመጣው በ1983 ነው። የግድ ሚዲ ካላችሁ የ1984ቱ ጁኖ-106 አለላችሁ። ኮረስም አለው፤ አርፔጂዮ ግን የለውም። እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልቀይርም።