ደሴ ላይ ሴንሰር ቧንቧ ለተበላሸባችሁ

የሳኒተሪ ባለሙያ ጠቁሙን እያላችሁ ለምትጠይቁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ።

ፒያሳ አካባቢ ያለችው ምግብ ቤታችን የእጅ መታጠቢያዎች እጅ ሲያዩ በራሳቸው የሚከፈቱ ናቸው። ወጥ የነካው እጅ ቧንቧውን ስለማይነካ ንጽህናው ደስ ይላል። ሲበላሹ ነው ጉዱ! አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ ሌላው እንግዳ ፊቱ ቆሞ እጁን ቢያወዛውዝለትም ዝም። ቀድሞ የመጣው ሰራተኛ «ይሄ አይጠገንም፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ።

ይህ ልጅ ገና ሲገባ ስለ ውሃው ጠየቀ፦ «በፈረቃ ነው የሚመጣላችሁ? ሮቶውስ መቼ ታጠበ?» ከዚያ ከሲንኩ ስር ገብቶ በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን ቫልቭ ፈታው። ውስጡ ያለችውን ክብ ጎማ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየን። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር አለቻት፤ እሷን የአሸዋ ቅንጣት ደፍኗታል። ውሃው በዚያች አልፎ ከላይ ካልተጫናት ጎማዋ ጥብቅ ብላ አትዘጋም። ጠፍቶ የሚመለስ ውሃ ደለል ይዞ ስለሚመጣ ከቫልቩ በፊት ያለችው ወንፊትም ጭቃ ሞልታለች። ሁሉንም አጥቦ መለሰ።

የማይከፈተው ደግሞ የሴንሰሩን መስታወት ነጭ ዝቃጭ ሸፍኖት ነው። ሴንሰሩ ለዓይን የማይታይ ጨረር ልኮ ከእጃችን ሲመለስለት ነው የሚከፍተው። በለስላሳ ጨርቅ ጠረገውና አስተናጋጆቹን «ሽቦና በረኪና እንዳታስነኩት» አላቸው። መብራት ሲጠፋ እንዲሰራም አራት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ የሚይዝ ሳጥን ገጠመለት።

እኔ የወደድኩለት ግን ሌላ ነው። ዉዱእ የሚያደርጉ አባቶች ክንዳቸውን ሲያጥቡ ውሃው ይቋረጥባቸው ነበር። ማንም ሳይነግረው አይቶ፣ ሴንሰሩ የሚያይበትን ርቀት ጨመረላቸው፤ ያውም በመዳፉ እየለካ፣ ምክንያቱም ከበዛ የሚያብረቀርቀውን ሲንክ እጅ ነው ብሎ ዝም ብሎ ይፈሳል። አንድ አባት «አላህ ይጨምርልህ ልጄ» ብለው መረቁት።

አዲስ ዕቃ ሊሸጥልን ይችል ነበር፤ ከባትሪ ሳጥኑ በቀር የእጁን ብቻ ተቀበለ። ቀጠሮ ላይ ትንሽ ያረፍዳል፣ እሱን ቻሉት። ኮምቦልቻም ይወርዳል። ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስላለኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።