የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለተበላሸባችሁ የባሕር ዳር ሰዎች፦ ይህን ልጅ ጥሩት

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እግዜር ይስጥልኝ። በአካልም ብዬሃለሁ፣ ግን አልበቃኝም። ሰው ሁሉ ይስማልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ማሽናችሁ ተበላሽቶ ጨርቅ አልብሳችሁ ጥግ ያስያዛችሁት ሁሉ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ። ለቁራሌው ለመስጠት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ይህን ልጅ ጥሩት።

እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ሰው ያስታመመ ያውቀዋል፤ አንሶላ በቀን ስንቴ እንደሚቀየር፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ። ማሽኑን ያስገዛችልን ውጭ ያለችው እህቴ ናት፣ “አንቺም እኮ ወገብ አለሽ” ብላ። እውነቷን ነው። እንቅልፍ ያየሁት ማሽኑ ከገባ በኋላ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ውሃ ጥቂት ይወስድና ቀጥ ይላል። ጢጥ ጢጥ ይላል። የማይገባኝን ፊደል ያበራል። አጥፍቼ ባበራው ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ ሰፈርም አልጠቅስም። ራሳቸው ያውቁታል።

የመጀመሪያው ገና ማሽኑን ሳይነካው “ቦርዱ ተቃጥሏል” አለ። በምን አወቅህ ብለው “ልምድ ነዋ!” አለኝ። ለቦርድ የጠየቀኝ ገንዘብ ሌላ ማሽን ሊገዛ ምንም አይቀረው። እህቴ ላከች፣ እኔም ከቁጠባዬ አወጣሁ፣ ሰጠነው። ማሽኑን ጭኖ ወሰደው። ስደውል “ነገ” ነው። በማግስቱ ስደውል አሁንም “ነገ” ነው። በኋላማ ስልኩንም ማንሳት ተወ። በስንት ልመና ሲመልሰው የጀርባው ብሎን ግማሹ የለም፣ ጢጥ ጢጡ እንዳለ ነው፣ በዚያ ላይ በእርጥብ እጅ ሲነኩት ይነዝራል። ምን ሠራህለት ብዬ ብጠይቅ የተቆጣው እሱ ሆነ!

ሌላው “እየመጣሁ ነው፣ ባጃጅ ላይ ነኝ” እያለ የቀረ ነው። ያ ባጃጅ እስካሁን መንገድ ላይ ይሆናል። አንዱ ደግሞ መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየው፣ “የዚህ ሞዴል መለዋወጫ አገር ውስጥ የለም። ብትፈልጊ እኔ ልገላግልሽ” ብሎ ዋጋ ጠራልኝ። የጠራው ዋጋ ለአንሶላ ማጠቢያ ሳፋ እንኳ የሚሆን አይመስለኝም። ልገላግልሽ ይለኛል!

እንዲህ እያልን ክረምቱን ሙሉ በእጄ አጠብኩ። የባሕር ዳርን ክረምት ታውቁታላችሁ። አንሶላው ተሰቅሎ ይውልና እንደረጠበ ያድራል። ቤቱ ሁሉ ገመድ ሆነ። እጄ ተላጠ። እናቴ ደግሞ ይታወቃታል፤ “ልጄን ገደልኳት” እያለች ታዝናለች። እሱ ነበር ከሁሉም የሚከብደኝ።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ ዓሣ የምታመጣልን ልጅ ናት። የእነሱን ፍሪዘር ሠርቶላቸው ነበር። ተስፋ ሳላደርግ ደወልኩ። ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፦ “ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ነው?” ወሬ ሊያወራኝ መስሎኝ ነበር። በፈረቃ ነው አልኩት። ጣናን ያህል ባሕር ደጃችን ተኝቶ እኛ በርሜል ይዘን ውሃ እንጠብቃለን፣ ምን ይባላል? “መጥቼ ልየው” አለ። ባለው ሰዓት መጣ። ይህቺ ራሷ ምስጋና ይገባታል።

ሲገባ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። መጀመሪያ እናቴን ሄዶ ሰላም አለ። ከዚያ ማሽኑን ሳይፈታ የውሃ መግቢያውን ቱቦ ከኋላው አላቆ ባልዲ ውስጥ ለቀቀው። ውሃው ደህና ይወርዳል። “እሺ፣ እስከዚህ ደርሷል” አለ። ቱቦው ከሚገባበት ቀዳዳ በፒንሳ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ወንፊት መዝዞ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ወንፊት አትበሏት፣ ጭቃ ናት። “እህቴ፣ ማሽኑ አልታመመም። ውሃ ጠምቶት ነው” አለኝ።

የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ከመስመሩ ደለል ይዞ ይመጣል። ደለሉ ሮቶው ሥር ይዘቅጣል፣ ሮቶው ሲጎድል ደግሞ ወደ ቤት ይወርዳል። ማሽኑ የሚፈልገውን ያህል ውሃ በጊዜው ካልደረሰው ራሱ ይቆማል። ያ የማይገባኝ ፊደል “ውሃ አጣሁ” ማለቱ ነበር። “ቦርዱማ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ሰሚ አጥቶ ነው” ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅም አቃተኝ። የከፈልኩት ብር ፊቴ ድቅን አለ።

ይነዝራል ያልኩትንም አልረሳም። ሶኬቱን ነቅሎ የጀርባውን ክዳን ከፈተ። ኧርዝ የሚሉት ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ሳይታሰር ቀርቶ ውስጥ ተንጠልጥሏል። 220 ቮልት እና እርጥብ እጅ! ለማሰብም ይዘገንነኛል። አሰረው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬትም በቴስተር አየ፣ የጎደለውን ብሎን ከራሱ ቦርሳ ሞላ። ማነው እንዲህ ያደረገው አልኩ፣ ቱግ ብዬ። “ሰው ይረሳል” አለ፣ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ግን አልረሳም፣ ይቅር ይበለኝ።

አሁን አንጀቴን የበላውን ልንገራችሁ። እናቴ ከታመመች ወዲህ ትረሳለች። የጠየቀችውን መልሳ መላልሳ ትጠይቃለች። ልጁ እየሠራ ሳለ ከአልጋዋ ሆና “የማን ልጅ ነህ?” አለችው። “የዘጌ ልጅ ነኝ፣ እማማ” አላት። ዘጌ ተወልዳ ያደገችበት ነው፣ ፊቷ በራ። “ቡናው ቀላ?” አለችው። “እየቀላ ነው፣ እማማ።” ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ “የማን ልጅ ነህ?” እሱም ካቻቢቴውን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ እያያት፣ ገና አሁን እንደተጠየቀ ሁሉ፣ “የዘጌ ልጅ ነኝ፣ እማማ።” ቡናውም እየቀላ ነው። እንዲህ ሲባባሉ ዋሉ። አንድም ጊዜ “ቅድም ነግሬዎት የለም?” አላላትም። የሥጋ ዘመድ እንኳ ሲሰለቸው ዝም ይላል!

እንዲያውም እሱ ይጠይቃት ጀመር። ከአባቷ ጋር በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ስትመጣ ማዕበል እንዴት እንደያዛቸው ነገረችው። ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡም አነሳች። “በዚህ ሣጥን ነው የሚጠራ? እንዶድ ነበር እንጂ የሚያጠራ!” አለችው። “እውነትዎን ነው፣ እማማ” አላት፣ ማሽኑን አቅፎ። (እንዶድን አትናቁብኝ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳዩት ተክል ነው።) እናቴ ይህን ያህል ስታወራ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ማሽኑ አንሶላውን እያዞረ ነበር፣ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

ሂሳብ ስለው የጠራልኝ የድካሙንና የባጃጁን ብቻ ነው። ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ። በስንት ግዝት ቡና ጠጣ።

ሲወጣ የመከረኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ውሃ ብዙ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ባልዲ ውስጥ አፍስሱት። ወንፊቷን አልፎ አልፎ አውጥታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቧት፤ መጀመሪያ ግን ቧንቧውን ዝጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ለእጅ እጥበት የተሠራ ኦሞ አረፋው ስለሚበዛ የማሽኑን ግዙ። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ማሽኑን ንቀሉ። 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከዚሁ ከጣና እየቀዳ የእኛ አምፖል ለምን እንደሚጠቅስ እኔን አትጠይቁኝ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ እሱ ራሱ አደራ ብሎኛል። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። ሱቅ የለውም፣ ቦርሳውን አንግቶ ቤታችሁ ይመጣል። ፍሪጅም ምጣድም ይሠራል። እሑድና በዓል ቀን አትደውሉለት፣ አያነሳም። ዓባይ ማዶ ላላችሁም ይመጣል። አዲሱ ድልድይ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ቀሎልኛል ይላል። ስትደውሉ የማሽኑን ፊደል ከነቁጥሩ ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ሁለተኛ የሚጠይቃችሁ ስለ ውሃው ነው።