ለትምህርት ቤት መድረክ የሚሸጡት ኤልኢዲ መብራቶች፦ ባለ 54ቱ ፓር፣ ባለ 200 ዋቱ ኮብ እና ባለ 192 ቻናሉ መቆጣጠሪያ

ሀዋሳ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ መብራት ይቀየር ሲባል መጀመሪያ የሚቀርበው ዕቃ ባለ 54 ፍሬ ኤልኢዲ ፓር፣ ማለትም 54 ትናንሽ የኤልኢዲ ፍሬዎች የተደረደሩበት ክብ መብራት ነው። ለሠርግና ለሙዚቃ ድግስ የሚከራየውም እሱ ነው። መጋረጃና ወለል ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ያምራል፣ ለውዝዋዜም ጥሩ ነው። ለድራማ ብቻውን ከተገዛ ግን የተማሪዎቹ ፊት አይታይም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ፍሬዎቹን መቁጠር ይበቃል፦ ብዙውን ጊዜ 12ቱ ቀይ፣ 18ቱ አረንጓዴ፣ 18ቱ ሰማያዊ ሲሆኑ ነጩ 6 ብቻ ነው። ሦስቱ ቀለማት ተደባልቀው የሚሰጡት ነጭ ደግሞ ጠይም ፊትን አመድ ያስመስለዋል፤ የሐበሻ ቀሚስ ላይም ሮዝና አረንጓዴ ጥላ ይጥላል።

ስለዚህ በጀት ካጠረ ቀለሙ ይቀነስ እንጂ ነጩ አይነካ። ፊት የሚያበራው ባለ 200 ዋቱ ኮብ፣ ማለትም በአንድ ትልቅ ፍሬ ነጭ ብርሃን የሚሰጠው መብራት ነው፤ 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አካባቢ የሆነው ሞቅ ያለ ነጭ ይመረጥ። ባለ 6000 ኬልቪኑ ሱቅ ውስጥ ደምቆ ይታያል፣ መድረክ ላይ ግን ፊት ያገረጣል። የላሜራ ክንፍ የሌለውን አለመግዛት ነው፤ ብርሃኑ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ይፈሳል።

ስፋቱ 8 ሜትር ለሆነ መድረክ 6 ኮብ ይበቃል፦ መድረኩን በሦስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ። መብራቶቹ የሚታሰሩበት ቧንቧ ከመድረኩ ወለል 4 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ፣ ተዋናዩ ከሚቆምበት 2 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ተመልካቹ መቅደም አለበት። ያኔ ብርሃኑ በ45 ዲግሪ ፊት ላይ ያርፋል። ከአናት ከወረደ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ለጀርባና ለጎን 6 ፓር ይጨመር።

እነዚህ 12 መብራቶች በሙሉ ኃይል ቢበዛ 2,200 ዋት ገደማ ይስባሉ፤ በ220 ቮልት 10 አምፔር መሆኑ ነው። ባለ 1000 ዋት 12 የድሮ ፓር ግን 12,000 ዋት፣ ወደ 55 አምፔር ይፈልጋል። የሦስት ሰዓት ትርኢት 36 ኪሎዋት ሰዓት የሚቆጥረው ከ7 በታች ይሆናል። የድሮው አምፖል ዕድሜ 300 ሰዓት ገደማ መሆኑም አይዘንጋ። ሁሉም ባንዴ ሲበሩ ግን የመነሻው ጉልበት ብሬከሩን ሊጥለው ስለሚችል መስመሩን ለሁለት መክፈል ይሻላል።

ትልቁ ስህተት የድሮውን ዲመር (ኃይሉን እየቀነሰ አምፖሉን የሚያደበዝዘውን ዕቃ) መስመሩ ላይ መተው ነው። ኤልኢዲ መብራት ዲመር ላይ ከተሰካ፣ ዲመሩ ሙሉ ቢሆንም እንኳ፣ ይንቀጠቀጣል፤ ቀስ በቀስም ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። ቀጥታ ከብሬከር፣ ኤርዝ ባለው ሶኬት ይሰካ።

አሰቃቀሉ ላይ ብየዳ ቤቶች ቱቦላሬ ይመርጣሉ። መብራቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ማቀፊያ ግን የተሠራው ለክብ ብረት ነው፤ አራት ማዕዘን ላይ ይንሸራተታል። ባለ አንድ ተኩል ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ውጫዊ ስፋቱ 48 ሚሊሜትር ስለሆነ በልኩ ይገባል። እያንዳንዱ መብራት ከማቀፊያው ሌላ በብረት ገመድ ይታሰር። ሥሩ የሚቆሙት ልጆች ናቸው።

ባለ 192 ቻናሉ መቆጣጠሪያ ለትምህርት ቤት በቂ ነው፦ 12 መብራት፣ ለእያንዳንዱ 16 ቻናል (ቀለምን ወይም ድምቀትን ለየብቻ የሚያዝዝ መስመር)፣ 240 ትዕይንት (ቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ የመብራት አደራረግ) ይይዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አድራሻ፣ ማለትም መብራቱ የሚጀምርበት የቻናል ቁጥር ላይ ነው። መብራቱ 8 ቻናል ብቻ ቢጠቀምም ሁለተኛው 9 ላይ ሳይሆን 17 ላይ ይደረግ፤ ከዚያ 33፣ 49 እያለ እስከ 177። 9 ላይ ከተደረገ በአንደኛው መብራት ቁልፍ ሥር ይገባና ለብቻው አይታዘዝም። መቆጣጠሪያው ሲበራ አብዛኛውን ጊዜ ብላክአውት (ሁሉንም መብራት የሚያጠፋው ቁልፍ) ላይ ሆኖ ስለሚነሳ ተበላሸ ብሎ ከመመለስ በፊት ያንን ቁልፍ መጫን ነው።

የመቆጣጠሪያው ኬብል ከአንዱ መብራት ወደ ቀጣዩ በተራ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ለሁለት አይከፈልም። የማይክ ኬብል ሶኬቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፣ በአጭር ርቀትም ይሠራል፤ ርቀቱ ሲረዝም ግን መብራቶቹ በራሳቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ባለ 120 ኦም የዲኤምኤክስ (የመድረክ መብራት ትእዛዝ ማስተላለፊያ) ኬብል ተገዝቶ፣ የመጨረሻው መብራት መውጫ ላይ በ2ኛውና በ3ኛው እግር መካከል 120 ኦም ሬዚስተር ይታሰር። ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ሻጮቹ ግን አብረው አይሰጡም።

መብራት ሲሄድ ሁሉም ይነቀል፤ ዕቃውን የሚገድለው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ የቮልቴጅ ከፍታ ነው። አቧራና ትንኝ የማቀዝቀዣውን ፋን ስለሚዘጉ በየሴሚስተሩ እረፍት በብሩሽ ይጠረግ።

ከመክፈል በፊት ሱቁ ውስጥ ሁለት ሙከራ ይደረግ። አንደኛ፣ መብራቱን ከ20 በመቶ ወደ ዜሮ ቀስ ብሎ ማውረድ፤ እየዘለለ ከጠፋ ለድራማ አይሆንም። ሁለተኛ፣ 30 በመቶ ላይ አድርጎ በስልክ መቅረጽ፤ ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር ከሄደ የወላጆች ቀን ላይ የሚቀረጸው ሁሉ እንዲሁ ይሆናል። ፋኑንም ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ማዳመጥ ነው፤ የተማሪ ድምፅ ያለ ማይክ ከሆነ የ6 ኮብ ጉርምርምታ ይውጠዋል።