በቅናሽ የገዛሁት 20 ሊትር ዘይት

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘይት በቅናሽ ካያችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ።

ሻጩ «ዘይት መቼም አይበላሽ፣ አስቀምጠሽ ትጠቀሚበታለሽ» አለኝ። አመንኩት። ጀሪካኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ደጅ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ነበር። የሚያበቃበት ቀንም ግማሹ ተፍቋል። ይህን ሁሉ እያየሁ ገዛሁ፤ ቅናሽ ዓይን ያሳውራል መሰለኝ። ቤት ሳደርሰው ደግሞ ለመቅዳት እንዲመቸኝ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት።

በሁለተኛው ወር ሽንኩርት ላቁላላ ጠብ ሳደርግ ቤቱ የግድግዳ ቀለም ሸተተ። ድስቱን ጠርጥሬ አጥቤ ደገምኩት። ያው ነው። በጣቴ ነካ አድርጌ ስቀምሰው መራራ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ነገር ሆኗል። ከግማሽ በላይ የቀረውን ጣልኩት። (ማጠቢያው ውስጥ አይደለም፤ ቱቦ ይደፍናል።)

ዘይት እንደ ዳቦ አይሻግትም፤ የሚያታልለን እሱ ነው። የሚያበላሹት ብርሃን፣ ሙቀትና ኦክሲጅን ናቸው። የኔው ሦስቱንም አግኝቷል፦ ብርሃኑን ከሻጩ ደጅ፣ ሙቀቱን ከኔ ምድጃ፣ አየሩን ደግሞ በየቀኑ ስከፍተው። ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ቦታውን የሚይዘው አየር ነው። ለዚህ ነው ትልቅ ዕቃ ለትንሽ ቤተሰብ የማያዋጣው።

ዓይነቱም ለውጥ አለው። የተልባ ዘይት በጣም ቶሎ ይበላሻል። የሱፍና የአኩሪ አተርም ከወይራ ዘይት ቀድመው ይሄዳሉ። የኮኮናት ዘይት ብዙ ይቆያል።

የግድ ትልቁን ከገዛችሁ፣ ቀኑ በግልጽ የሚነበብና ጥላ ውስጥ የነበረ ይሁን። ቤት ስታደርሱት በትንንሽ፣ ንጹህና በደንብ በደረቁ ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሞልታችሁ ክደኑ። ጠቆር ያለ ጠርሙስ ይመረጣል። የመዳብ ዕቃ ግን አይሁን፣ መበላሸቱን ያፋጥነዋል። ከምድጃ ርቆ ጨለማና ቀዝቃዛ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈት። ፍሪጅ ውስጥ ቢደፈርስ ወይም ቢረጋ አትደንግጡ፣ ሲሞቅ ይመለሳል።

ባዶውን ጀሪካን ሦስቴ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። አሁንም ይሸታል። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ አዲስ ዘይት እንዳትገለብጡ፤ ጥግ ጥጉ ላይ የቀረው አሮጌ ዘይት አዲሱንም ቶሎ ያበላሸዋል። የኔው አሁን የመጥረጊያ ውሃ መያዣ ሆኗል።