ማይክሮቲክ ሲአርኤስ326 ለሆቴል ቲቪ፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ሆቴል ውስጥ ቲቪ በኔትወርክ ኬብል የምትዘረጉ ከሆነ፣ ሣጥኑ ላይ «አይጂኤምፒ ስኑፒንግ አለው» (የትኛው ቲቪ የቱን ቻናል እንደጠየቀ አዳምጦ ለጠየቀው ብቻ ይልካል ማለት ነው) የሚለውን ብቻ አይታችሁ ስዊች፣ ማለትም ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ማከፋፈያ፣ አትግዙ። አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፦ ኩዌሪየር፣ ማለትም ማን እያየ እንደሆነ በየጊዜው የሚጠይቅ ነገር፣ አለው ወይ? ሲአርኤስ326 የተባለውን የማይክሮቲክ ኩባንያ ስዊች የወደድኩት ሁለቱንም ስለያዘ ነው። ሁለቱንም ከሚይዙት ትልልቅ ስዊቾች ጋር ሲተያይ ደግሞ ዋጋው ቀለል ይላል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጣሪያ ላይ ካሉት ዲሾች የመጣው ቻናል በአንድ ማሽን በኩል ወደ ኔትወርክ ይገባና እያንዳንዱ የራሱን የመልቲካስት አድራሻ ይዞ ይለቀቃል። አንድ ጊዜ ይላካል፣ የፈለገ ክፍል ሁሉ ያያል። ግን ስዊቹ የትኛው ክፍል የቱን ቻናል እንደጠየቀ ካላወቀ ሁሉንም ቻናል በሁሉም ፖርት ይረጨዋል። 60 ቻናል እያንዳንዱ 5 ሜጋቢት ቢሆን 300 ሜጋቢት ነው። ብዙ ስማርት ቲቪዎች ደግሞ፣ አዲሶቹም ጭምር፣ የኬብል ፖርታቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ይሰባበራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ እንግዳው ሪሴፕሽን ይደውላል። ዋይፋዩም አይተርፍም፤ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) መልቲካስትን አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ ለሌላው ሥራ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ከዚህ በፊት አንድ ሆቴል ላይ የገጠመኝ ርካሽ ስዊች ነበር፣ ስሙ ይቅር። ስኑፒንግ አለው። ሲበራ ቲቪው ቁልጭ ብሎ ይጀምራል፣ አራት ደቂቃ ገደማ ያሳይና ድርቅ ይላል። ቻናል ቀይረው ሲመለሱ ይሠራል፣ ከዚያ እንደገና ድርቅ። ባለቤቱ ቲቪዎቹ ተበላሽተዋል ብሎ ሊቀይራቸው ነበር። ቲቪው ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ኩዌሪየር ነው። ኩዌሪየር ማለት ክፍል ውስጥ ስም እየጠራ የሚያጣራ መምህር በሉት፦ በየ125 ሰከንዱ «ይህን ቻናል አሁንም የሚያይ አለ?» ይላል፣ ቲቪዎቹም አለን ይላሉ። ጠያቂ ከሌለ መላሽም የለም፤ ስዊቹ 260 ሰከንድ ጠብቆ ፖርቱን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። አራት ደቂቃዋ የምትመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ማይክሮቲኩ። ስኑፒንግም ኩዌሪየርም ከፋብሪካ ሲመጡ ጠፍተው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ሰክታችሁ ለውጥ አላየንም እንዳትሉ። በዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም) ገብታችሁ ብሪጁን፣ ማለትም ፖርቶቹን አንድ ላይ የሚያገናኘውን ክፍል፣ ክፈቱና ሁለቱንም አብሩ። ሌላውን በዲፎልቱ ተዉት። ስኑፒንግ ሲበራ ሥራው ዳታውን በፍጥነት ከሚያሳልፈው የስዊች ቺፕ ወደ ፕሮሰሰሩ አይዞርም፣ ፍጥነቱም አይወርድም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ላይ ስኑፒንግ ሲበራ ሁሉም ነገር በፕሮሰሰር ይሆንና ይንፏቀቃል።

በጣም የምወደው ኤምዲቢ የሚለውን ገጽ ነው። እያንዳንዱ የመልቲካስት አድራሻ በየትኛው ፖርት እየወጣ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሪሞቱን ሲጫን አንዱ አድራሻ ከፖርቱ ላይ ይወርዳል፣ ሌላው ይተካል። እንግዳ ቻናል አልገባልኝም ሲል ክፍሉ ድረስ ሳትወጡ ቲቪው ጠይቋል ወይስ አልጠየቀም የሚለውን ከዚያው ታውቃላችሁ። በግምት መሥራት ቀረ ማለት ነው።

ፋስት ሊቭ የሚባለው ሴቲንግም አለ፣ በየፖርቱ የሚበራ። ሰው ቻናል ቶሎ ቶሎ ሲቀያይር የቆየው ቻናል ሁለት ሰከንድ ያህል መምጣቱን አያቆምም፣ እየተደራረበም ያቺን 100 ሜጋቢት ይሻማታል። ፋስት ሊቭ ወዲያው ይቆርጠዋል። ግን ተጠንቀቁ፦ ፖርቱ ላይ አንድ ቲቪ ብቻ ካለ ነው። ከፖርቱ ጀርባ ትንሽ ስዊች አድርጋችሁ መኝታ ቤትና ሳሎን ሁለት ቲቪ ከሰካችሁ፣ አንዱ ቻናሉን ትቶ ሲወጣ ያንኑ ቻናል የሚያየው ሌላኛውም ይቆረጥበታል።

አድራሻ ስትመድቡም ከ224.0.0 የሚጀምረውን አትንኩ፣ ስኑፒንግ ኖረም አልኖረም ለሁሉም ይሰራጫል። በ239 ጀምሩ፤ ግን 239.0.0 እና 239.128.0ንም ዝለሏቸው። የማክ አድራሻቸው (ስዊቹ ዳታውን የሚለይበት የሃርድዌር አድራሻ) ከ224.0.0 ጋር አንድ ስለሚሆን በብዙ ስዊች ላይ ያው መረጨት ነው። 239.10.1 ብላችሁ ብትቀጥሉ ሰላም ነው።

ዕቃው ራሱ፣ ሲአርኤስ326-24ጂ-2ኤስ+ የሚባለው ሞዴል፣ 24 ጊጋቢት ፖርትና ሁለት ባለ 10 ጊጋቢት የፋይበር ፖርት አለው። ፋን የለውም፣ ኮሪደር ላይ ብትሰቅሉት ድምፁ እንግዳ አይረብሽም። ራውተር ኦኤስ የሚባለው የማይክሮቲክ ሶፍትዌር ስላለው ራውተርም ይሆነናል ብላችሁ ግን አትጫኑት፣ ፕሮሰሰሩ ለዚያ አልተሠራም። ሜኑውም ብዙ ነው፤ ኔትወርክ የማያውቅ ሰው ብቻውን ቢገባበት ግራ ይጋባል፣ ባለሙያ ያዙ።

በየፎቁ ስኑፒንግ ያላቸው ስዊቾች ካሏችሁ ሁሉንም መቀየር የለባችሁም። ይህን አንዱን መሐል፣ የቻናል ማሽኑ የሚሰካበት ቦታ አድርጉትና ኩዌሪየሩ እሱ ይሁን። ሌላም ኩዌሪየር ካለ ግን ይሄኛው እሱን ሲያይ መጠየቁን ያቆማል። ካሜራና አክሰስ ፖይንትም እዚሁ ላይ ሰክቼ መብራት ላገኝላቸው የምትሉ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ፣ ይሄኛው በኬብሉ ኃይል አያወጣም።