ከሮም ፍሎረንስ በባቡር፦ ፈጣኑ ነው ወይስ ሬጆናሌው?

ጣልያንኛ ሳይችሉ ጣልያን ለሽርሽር የሚሄዱ ሰዎች ስለ ባቡር ሲያማክሩኝ ቀድመው የሚጠይቁኝ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «መንገድ ላይ ስንት ሰው መጠየቅ ትችላላችሁ?» እላቸዋለሁ። ትኬት የምመርጠው በዚህ ነው።

ፈጣኑ ባቡር፣ ፍሬቻሮሳም ሆነ የሌላ ኩባንያ የሆነው ኢታሎ፣ ከሮማ ተርሚኒ (የሮም ዋናው ጣቢያ) ፍሎረንስ 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በየከተማው የሚቆመው ሬጆናሌ ከ3 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የፈጣኑ ዋጋ እንደ አውሮፕላን ነው፤ ቀደም ብሎ ለገዛ ይረክሳል፣ በመጨረሻው ቀን ኪስ ያራቁታል። የሬጆናሌው ዛሬም ነገም ያው ነው።

ፈጣኑ ትኬት ላይ የባቡሩ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ ፉርጎውና ወንበሩ ተጽፏል። ግራ ከገባችሁ ስልካችሁን ለማንም አሳዩ፣ በእጁ ይጠቁማችኋል። ችግሩ፣ ባቡሩ ካመለጣችሁ ርካሹ ትኬት ሊቃጠል ይችላል። የፍሬቻሮሳው ትኬት ኢታሎ ላይ አይሠራም፣ የኢታሎውም እንደዚያው።

ሬጆናሌው የወንበር ቁጥር የለውም። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን ቀንና ሰዓት ማስመታት ግድ ነው። ሳታስመቱ ተቆጣጣሪ ከመጣ ቅጣት አለ። «አላወቅኩም ነበር» ለማለት ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል!

ሰሌዳው ላይ ፍሎረንስ የሚል አትፈልጉ፤ በነሱ ቋንቋ ፊሬንዜ ነው። እሱም ላይታይ ይችላል፣ በትልቁ የሚጻፈው የባቡሩ መጨረሻ ስለሆነ፤ የእናንተ ባቡር «ሚላኖ» ወይም «ቬኔዚያ» ሊል ይችላል። ስለዚህ የባቡሩን ቁጥር ፈልጉ። ቢናሪዮ የሐዲዱ ቁጥር ነው፣ ሪታርዶ መዘግየት፣ ሾፔሮ ደግሞ የሥራ ማቆም አድማ።

አንድ ቃል ግን ከቤት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ድምፅ ማጉያው «ፕሮሲማ ፌርማታ» ሲል «ወራጅ አለ!» ማለት ያምራችኋል።

እኔን ጉድ የሠራኝም ፌርማታ ነው። ቬኒስ ስሄድ «ቬኔዚያ» የሚል እንደሰማሁ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ዱብ አልኩ። ብወጣ ጀልባ የለም፣ ውሃ የለም፣ አውቶብስ ብቻ። ለካ የወረድኩት ከደሴቷ ውጭ ባለው ጣቢያ፣ ቬኔዚያ ሜስትሬ ነው። ደሴቷ ላይ ያለው ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ይባላል፤ በድልድዩ 10 ደቂቃ ገደማ ነበር የቀረኝ።

የስልክ አስተርጓሚ ጥሩ ነው፣ ጣልያንኛውን ግን ቤት ሆናችሁ አውርዱት። ከፍሎረንስ ቦሎኛ ያለው የፈጣኑ መስመር አብዛኛው ዋሻ ነው፣ ኔትወርክ አትመኑ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው፣ በተለይ ወላጆቹን ወይም ልጆች ይዞ ከሆነ፣ ፈጣኑን ቀደም ብሎ ይግዛ። ከፍሎረንስ ፒሳ ግን ሬጆናሌው 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚያ ተጨማሪ ዩሮ አላወጣም። ትኬቷን ብቻ አስመቷት።