«እጅግ ንጹህ፣ ምንም አይወጣለትም»፦ ጎንደር ላይ በቴሌግራም ስለሚሸጡ ያገለገሉ ፒፓዎች

ርክክቡን ፒያሳ ላይ የሚያደርግ፣ ያገለገሉ የትንባሆ ፒፓዎችን በቴሌግራም የሚሸጥ አንድ ቻናል አለ። ስሙን ትተን ሥራውን እንመዝን። አስተሻሸጉ ጥሩ ነው፤ አዘዞ ድረስም ቢሆን በባጃጅ በሰዓቱ ያደርሳል። የሚያስተዛዝበው የሚጽፈው ነገር ነው። የተለጠፈው ፒፓ ሁሉ «እጅግ ንጹህ፣ ምንም አይወጣለትም፣ ዋጋ በኢንቦክስ» ነው። ለሁሉም የሚሆን ቃል ስለ አንዱም አይናገርም።

ፎቶው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ያውም በፍላሽ፣ ከጎን የተነሣ። ፍላሽ ስንጥቅን ይውጣል። በመስኮት ብርሃን ሁለቱን ጎን፣ ከላይ ወደ ውስጥ፣ ታችኛውን፣ የሠሪውን ማኅተምና ጥርስ የሚያርፍበትን ጫፍ ማንሳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የፒፓው ራስ፣ ማለትም ትንባሆ የሚሞላበት ጎድጓዳ፣ ውስጥ ነው። ሻጩ «ጥቁረቱ የአጠቃቀም ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ጥያቄው ውፍረቱ ስንት ነው የሚለው ነው። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን የከሰል ቅርፊት እንጨቱን ከእሳት ይጠብቃል። ከዚያ ሲያልፍ ከሰሉና እንጨቱ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ የፒፓው ራስ ይሰነጠቃል። በቢላ ተፍቆ ከሆነ ደግሞ ጎድጓዳው ክብነቱን ያጣል፣ ግድግዳውም በአንድ በኩል ይሳሳል። ከውጭ ጠቆር ያለ ነጠላ ቦታ ካለ ከውስጥ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ይህን በቀለም ሸፍኖ «ታድሷል» ማለት ከዚህ ቻናል የሚሰማ የከፋ ነገር ነው። አልኮል በነካ ጥጥ ሲታሽ ቀለሙ ከለቀቀ ሻጩን ምን እንደሸፈነ ጠይቁት።

መምጠጫው ላይም እንዲሁ ነው። ኢቦናይት፣ ማለትም በድኝ የጠነከረ ጎማ፣ ብርሃን ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ ቡናማ ይለወጣል፤ ጣዕሙም ይመርራል። ከ400 ጀምሮ እስከ 2000 ቁጥር ባለው የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ደረጃ በደረጃ ሲታሽ ይመለሳል፤ ጉድለት ቢሆንም የሚድን ነው። በዘይት አብርቶ ፎቶ ቢነሣ ግን ማብረቅረቁ አይቆይም። አንገቱ ውስጥ የሚገባው ወንዴ ጫፍ ተሰብሮ ተተክቶ ከሆነም መጻፍ አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ፒፓው ሳይቀዘቅዝ ሲነቀል ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ቻናሉ አንዳንዱን ፒፓ «ጣሊያን ጎንደር ጥሎት የሄደ» ብሎ ያስወድደዋል። ጣሊያን ጎንደር ላይ የቆየው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941) ነው። ከነዚህ አንዱ የጣሊያኑ ፒፓ ሠሪ የሳቪኔሊ ማኅተም ነበረበት። የሳቪኔሊ ሱቅ ሚላን ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1876 ቢሆንም፣ በራሱ ፋብሪካ ፒፓ መሥራት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጣሊያን ጥሎት መሄዱ ያጠራጥራል። አየርላንድን ሪፐብሊክ ብሎ የሚጠራ የአየርላንዱ ፒፓ ሠሪ የፒተርሰን ማኅተምም ከ1949 እ.ኤ.አ. አይቀድምም። ማኅተሙን በግልጽ ፎቶ ያላሳየ ሻጭ ስለ ዕድሜ ባይናገር ይሻለዋል።

በነገራችን ላይ ብራየር የሚባለው የፒፓ እንጨት ባዕድ አይደለም፤ የአስታ ሥር ላይ የሚያብጠው እብጠት ነው፤ ያው ሰሜን ተራሮች ላይ የምናውቀው አስታ። ለንግድ የሚቆረጠው ግን ከሜዲትራንያን አገሮች ሲሆን፣ ለሰዓታት ተቀቅሎ ለወራት ይደርቃል። ስለዚህ «የሰሜን አስታ ፒፓ» ተብሎ የተለጠፈው ያለ ማስረጃ አይታመንም።

«በአልኮል ታጥቧል» የሚለውም ዝርዝር ይፈልጋል። ሥራው የፒፓውን ራስ በጨው ሞልቶ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው አልኮል ጠብ አድርጎ ለ24 ሰዓት ማቆየት ነው። ጨው ቡናማ ከሆነ ሽታው እየወጣ ነው፤ ከዚያ ተንኖ እስኪደርቅ ቀናት ይጠበቃል። አረቄ አይተካውም፤ ውሃው ይበዛል። አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት) መምጠጫ አልኮል ከነካው በቀጭን በቀጭኑ ይሰነጣጠቃል፣ ስለዚህ አስቀድሞ መነቀል አለበት።

የተከፈተ ትንባሆ «በስጦታ» መጨመሩን ቢተወው። ትንባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው፤ ቻናሉ ግን የገዢውን ዕድሜ አይጠይቅም።

ከዚህ ቻናል የሚገዛ ሰው ቴሌብር ከመላኩ በፊት በኢንቦክስ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያስጽፍ፦ «ብራየር፣ ርዝመት 14 ሳንቲ ሜትር፣ የውስጥ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር፣ ክብደት 45 ግራም። ቅርፊቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከጎድጓዳው ከንፈር በስተግራ የጥፍር ያህል የተቃጠለ ጠርዝ አለ። መምጠጫው ኢቦናይት፣ የጥርስ ምልክት ሁለት፣ የተተካ አይደለም። የአንገቱ ስንጥቅ፦ የለም። ቀለም አልተቀባም።»